ሳይደርስ የቀረው አውሮፕላን

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ኤርስፒድ ኦክስፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ባለሁለት ሞተር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ወንድሙ ላውጋችሁ፤ ከእኛ ጋር የሚዛመደው እሱ ነውና።

ኦክስፎርድን የሠራው የኤርስፒድ ኩባንያ ኤንቮይ የሚባል የመንገደኛ አውሮፕላን ነበረው። ለ1927 ዓ.ም. የለንደን–ሜልቦርን ውድድር ከዚሁ ዘር አንድ ብቻ ለይቶ ሠራ፤ ቫይስሮይ አሉት። ውድድሩን አልጨረሰም፣ አቴንስ ላይ ቀረ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ደራሲው ኔቪል ሹት ነው። ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ኢጣሊያ ስትወረን ይህ የውድድር አውሮፕላን ቦምብ እንዲሸከም ተሰናድቶ ለእኛ ሊላክ ነበር። ሳይነሣ ጦርነቱ አለቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ። አውሮፕላኑ በኋላ ወደ ስፔን ጦርነት ሄደ።

ሞተሩን ልብ በሉልኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ከቆላ መጥቶ የመንዝን ዳገት የወጣ ሰው እንዴት እንደሚያለከልክ ታውቃላችሁ፤ ሞተርም እንዲያው ነው። የቫይስሮይ ሞተሮች ግን አየር ጨምቆ የሚመግባቸው መሣሪያ ነበራቸው። ለዚህ አገር የተስማማ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቢመጣስ ማን ያበርረው ነበር? አብራሪው ሚሽካ ባቢቼፍ ነበሩ፤ ሌሎችም በጣት የሚቆጠሩ። ቦምብ ጣይ ግን አብራሪ ብቻ አይበቃውም። አቅጣጫ የሚያሰላ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ዒላማ የሚያልም ይፈልጋል። እኛን የጎደለን ከአውሮፕላኑ ይልቅ ይህ ሁሉ ሰው ይመስለኛል።

ኦክስፎርድ የተሠራው ይህንኑ ሰው ለማፍራት ነው። ሰዓቱ ስለገፋ በአጭሩ፦ መጀመሪያ የበረረው ሰኔ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አዲስ አበባን የሚገዛት የኢጣሊያው ግራዚያኒ ነበር። አካሉ በአብዛኛው እንጨት ነው። ከ8,500 በላይ ተሠርቶ የአብራሪም የተኳሽም ትምህርት ቤት ሆነ። ዝነኛዋ አብራሪ ኤሚ ጆንሰን ታኅሣሥ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በእሱ ስትበር ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ወድቃ ሞተች። የእንግሊዝ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አሰናበተው።

የእኛን ልጆች ግን ቢሾፍቱ ላይ ያሠለጠነው ኦክስፎርድ ሳይሆን ሳፊር የተባለው የስዊድን አውሮፕላን ነው፤ ሞተሩም አንድ ነው። በወረራው ዘመን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልሱ የነበሩት ካውንት ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1947 አንዱን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥተው የትም ሳያርፉ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በረው፣ አዲስ አበባ አሳረፉት።