ሴት በምክር ቤት ስትቀመጥ በፖሊስ ጣቢያ ምን ይለወጣል?

(ለክሊኒካችን ተገልጋዮች የተደረገ ንግግር)



ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመጣችሁበት ስለ ምክር ቤትና ስለ ፖሊስ መናገሬ ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ተደፍራ ወይም ተደብድባ የምትመጣን ሴት ቁስሏን ብናክምላትም አጥፊውን የሚይዘው ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ የሚሠራው አቤቱታዋ ሲመዘገብ ነው።

የህንድን ልምድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 በሥራ ላይ የዋለው 73ኛው የህንድ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ በገጠር የአካባቢ ምክር ቤቶች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው መቀመጫ ለሴቶች እንዲሆን ደነገገ። ክፍለ ግዛቶቹ ድንጋጌውን ሥራ ላይ ያዋሉት በተለያየ ጊዜ ስለነበር ተመራማሪዎች በፊትና በኋላ የሆነውን ማነጻጸር ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ሴቶች ከተመረጡ በኋላ በሴቶች ላይ የተፈጸመ ተብሎ በፖሊስ የተመዘገበ ወንጀል በእጅጉ መጨመሩን አሳየ።

«ታዲያ ሴት ስትመረጥ ወንጀል ባሰ ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በወንዶች ላይ የሚፈጸመውም ሆነ ጾታ የማይለየው ወንጀል አልጨመረም። በአመዛኙ የጨመረው አቤት ባይዋና የሚሰማት ፖሊስ ነው፤ የሚታሰሩ ተጠርጣሪዎችም በዝተዋል። ምክር ቤቶቹ ፖሊስን የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። ሆኖም ተበዳይዋ አብራት ፖሊስ ጣቢያ የምትሄድ፣ ጉዳዩን የምትከታተል የሰፈሯን ተመራጭ አገኘች። ከላይ ካለች አንዲት ባለሥልጣን ይልቅ በየመንደሩ ያሉ ብዙ ሴት ተመራጮች የበለጠ ለውጥ ማምጣታቸውም ታይቷል።

እኛስ? የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ሴትን አስገድዶ የደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፣ ነገሩ ከከበደም ቅጣቱ ከዚህ በላይ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ ግን አቤት የሚል ከሌለ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በቀበሌያችሁ ምርጫ ምረጡ፤ ተመረጡም። ባሎችም ሚስቶቻችሁን ከስብሰባ አታስቀሩ።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ገላዋንና ልብሷን ሳታጥብ ፈጥና ወደ ጤና ድርጅት ትምጣ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እንክብል እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ ግን በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚህ ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ለልጆቻችንም ይተርፋል።