መምህሩም ይማር



ልጆቻችንን በየማለዳው ለመምህር አደራ እንሰጣለን። መምህሩ ግን ልጁን በቅጡ ሳያውቀው «ይህስ የትም አይደርስ» ብሎ ቢገምትስ?

በለንደን ያስተምር የነበረው የግሬናዳ ተወላጅ በርናርድ ኮርድ በ1971 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አጋለጠ። ከካሪቢያን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ከቁጥራቸው በላይ «አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው» ለሚባሉ ልጆች ወደተለየ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበር። ፈተናው የእነርሱን አነጋገርና ባህል ያላገናዘበ፣ የመምህራኑም ግምት ዝቅተኛ እንደነበር አስረዳ። ልጅ ደግሞ ደጋግመው «አትችልም» ካሉት ያምናል።

በ1985 የወጣው የስዋን ሪፖርትም ጉዳዩ የሁሉም ትምህርት ቤት፣ ነጮች ብቻ የሚማሩበትም ጭምር፣ መሆኑን ገልጾ፣ መምህራን ገና በሥልጠና ላይ ሳሉ እንዲዘጋጁበት አሳሰበ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ወደ ዝቅተኛ ክፍል ሲወርድ ምክንያቱን ጠይቁ፤ የወላጆች ስብሰባ አይለፋችሁ። ሐበሻው ቢላል ለአዛን ሲመረጥ ቀለሙ እንዳልታየ ለልጆቻችን የምንተርክ እኛም፣ በቤታችን የሌላውን መልክና ነገድ ከማንኳሰስ እንቆጠብ። የልጅ የመጀመሪያ መምህሩ ወላጁ ነውና።