የቤት ወጪያችንን ቆጥበን ከዕዳ እንውጣ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የወረዳችን የሥራ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የዩኒየናችን የቦርድ አባላትና ሠራተኞች፣
የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣



በበዓል ቀን ስለ ዕዳ መናገር ደስ እንደማይል አውቃለሁ። አዘጋጆቹም ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ ጤፍን በመስመር ስለመዝራት ወይም ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም እንደማወራ ጠብቀው ይሆናል። ነገር ግን ለሥራ ከቤት ቤት ስዞር የማየው ሌላ ነገር አለ። ማሳው ላይ የመከርነውን ሁሉ ሠርቶ፣ ምርቱም ከአምናው በልጦለት፣ ሐምሌ ሲገባ ገንዘብ ፍለጋ የሚንከራተት አርሶ አደር ጥቂት አይደለም። ምርቱ አድጎ ዕዳው አልቀነሰም። እንዲህ ያለው ችግር በማሳ ላይ በሚሰጥ ምክር ብቻ አይፈታም፤ ጓዳ ድረስ መግባት ይጠይቃል።

ዕዳ በእኛ ዘንድ መጨረሻው በሬ ነው። አንድ ገበሬ ከጥማዱ አንዱን ሸጦ ዕዳውን ከፈለ እንበል። በሚቀጥለው ክረምት ወይ እንደ እሱ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። የተቀናጀ ተራ መጠበቅ አለበት። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ መታረስ የሚወድ ሰብል ነውና ተራ ሲጠብቅ የዘሩ ጊዜ ያልፍበታል። መሬቱን ለእኩል የሰጠም የምርቱን እኩሌታ ለሌላ ሰው አስረከበ ማለት ነው። በሬው የከፈለው የአንድ ዓመት ዕዳ ሲሆን ጉዳቱ ግን ለተከታታይ ዓመታት ይዘልቃል። ስለ ስኳርና ስለ ቡና ወጪ ስናገር እንደ ተራ ነገር እንዳትቆጥሩብኝ የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ፣ ዕዳ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ እንገንዘብ። ከገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራችን የተወሰደ ብድር ወለዱ በዓመት ይታሰባል። አራጣ ግን በወር ነው። ከ100 ብር ላይ በወር 10 ብር በሚባለው አራጣ 5,000 ብር በሐምሌ መጀመሪያ የወሰደ ሰው፣ በጥር መጀመሪያ ሲከፍል ወለዱ ብቻ 3,000 ብር ይሆንበታል። ስድስት ወር ብቻ ነው። አራጣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሆኖም ሕጉ እያለም በስምምነት ስም ይሰጣል፤ የተቸገረ ሰውም ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። እኛ የልማት ሠራተኞች «ጤፋችሁን በታኅሣሥ አትሽጡ፣ ዋጋው እስኪሻሻል አቆዩት» እያልን እንመክራለን። ምክሩ ትክክል ነው። ጤፍ እንደ ሽምብራ በነቀዝ አይጠቃም፤ ደረቅ ሆኖ በደህና ጎተራ ከተቀመጠ ይቆያል። ነገር ግን ይህ ምክር አራጣ ላለበት ቤት አይሠራም። ለስሌት እንዲመች የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በጥር 10,000 ብር ነው እንበል። በነሐሴ በሩብ ቢጨምር ትርፉ 2,500 ብር ነው። ያው 10,000 ብር አራጣ ላይ ከጥር እስከ ነሐሴ ሰባት ወር ቢቆይ ወለዱ 7,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ አራጣ ያለበት ሰው ዋጋው ዝቅ ቢልም ሸጦ አራጣውን ይገላገል። ጤፉን የሚያቆየው የማኅበር ብድር ብቻ ያለበት ሰው ነው፤ እሱም የመክፈያው ቀን ከፈቀደለት። ሽምብራውን ግን ነቀዝ ሳይቀድመው ሸጦ ለዕዳ ቢያውለው ይሻላል።

አሁን ወደ ቤት ወጪ ልምጣ። በምሠራበት ቀበሌ አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ ስማቸውን እንዳላነሳ ለምነውኛል። ሁለቱም ፊደል ስላልቆጠሩ «ወጪያችሁን መዝግቡ» የሚለው ምክራችን አልጠቀማቸውም። የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። ሁለት ባዶ ጣሳ ምሰሶው ሥር አስቀምጠው፣ 10 ብር ከቤት በወጣ ቁጥር አንድ ፍሬ ሽምብራ ይጥላሉ። አንደኛው ጣሳ የግድ ለሆነ ወጪ ነው፤ ሁለተኛው ባይወጣም ለሚኖሩበት ወጪ። በወሩ መጨረሻ ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጃቸው ትቆጥራለች። መጀመሪያ ላይ የትኛው ወጪ በየትኛው ጣሳ ይግባ በሚለው ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። የባል የገበያ ቀን አረቄ የግድ ነው ወይ? የሚስት ሁለተኛ የቡና ሥርዓትስ? እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ክርክሩ የጠቀማቸው ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ስለ ገንዘብ ሁለቱ ተቀምጠው ተነጋግረው አያውቁም ነበርና።

በየገበያው ቀን 200 ብር ለመጠጥና ለምሳ የሚያወጣ ሰው በሳምንት አንድ ገበያ ቢወጣ እንኳ በዓመት 10,400 ብር ያወጣል። ቅድም በያዝነው ስሌት ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል። አንድ ኩንታል ጤፍ አሸክማችሁ መጠጥ ቤት በር ላይ አራግፉ ብትባሉ እሺ የሚል ማን ነው?

ባልና ሚስቱን ከሁሉ ያስገረማቸው ግን አረቄው አልነበረም። ሽምብራው ሲቆጠርና ጎተራው ሲታይ አልገጣጠም አላቸው። እህሉ ከተቆጠረው ወጪ በላይ ጎድሏል። ነገሩ ሲጣራ ጨው ሲያልቅ አንድ ጣሳ ጤፍ፣ ዘይት ሲያልቅ ሌላ ጣሳ፣ ለሞባይል ካርድም እንዲሁ እየተሰፈረ ለመንደር ቸርቻሪ ሲሸጥ ኖሯል። ብር በእጅ ስላልቆየ ወጪ ነው ብሎ የቆጠረው የለም። በጣሳ ሸጦ በብርጭቆ መግዛት የምለው ይህን ነው። ቸርቻሪው በጣሳ ሲገዛን ዋጋ ይቀንሳል፤ ስኳሩን በብርጭቆ፣ ዘይቱን በመለኪያ ሲሸጥልን ደግሞ ይጨምራል። በሁለቱም በኩል የምንጎዳው እኛ ነን። እነዚህ ሰዎች አሁን የወሩን አስቤዛ በአንድ ጊዜ ከማኅበራቸው ሱቅ ይገዛሉ፤ ጎተራው የሚከፈተውም ሁለቱ ሲስማሙ ነው። በሁለተኛው ዓመት አራጣቸውን ጨርሰዋል። በሬያቸውም እስካሁን ከጥማዱ አልጎደለም።

ከባዱ ነገር ድግስ ነው። ምርት በገባ ማግስት፣ ከጥር ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ተስካሩ፣ ማኅበሩ ይደራረባል። በዚያን ጊዜ ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ሁላችንም ሀብታም ነን። ዕዳ መከፈል ያለበትም በዚሁ ወቅት ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ አባቶች፤ በጥር ሰንጋ ጥሎ በሐምሌ ጤፍ መበደር ከዚህ በምን ይለያል?

ይሁን እንጂ «ድግስ ቀንሱ» ብሎ ለአንድ ሰው መምከር ፍሬ የለውም። ጎረቤቱ ሰንጋ ጥሎ ሲድር እሱ በአንድ በግ ቢድር ልጄን አዋረድኩ ይላል፤ ለተስካርም እንዲሁ ሙት አቃለለ ይባላል። ይሉኝታ ብቻውን የቆመን ሰው ያሸንፋል። ስለዚህ ይህን መቀነስ የሚችለው እድሩ ነው። እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፣ ያልከፈለ ይቀጣል። በዚያው ደንብ ላይ ለተስካር ይህን ያህል፣ ለክርስትና ይህን ያህል ተብሎ ቢወሰን ማንም አያፍርም፤ ሕጉ ነው ይላል። የሃይማኖት አባቶችም ስለ ሟች ጸሎትና ምጽዋት እንጂ ቤት የሚያፈርስ ድግስ እንደማያስፈልግ ያስተምራሉ፤ በዚህ ጉዳይ ከእድር ዳኞች ጋር ቢቀመጡ እደሰታለሁ።

መቀነስ የሌለበትም አለ። የዘርና የማዳበሪያ ወጪ አይነካም። የልጆች ደብተርም እንዲሁ። እንቁላሉን ሁሉ ለገበያ አውጥቶ ሕፃን ልጅን በሽሮ ብቻ ማሳደግ ቁጠባ አይባልም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮንም «ዘንድሮ አልታመምንም» ብለው የሚተዉ አሉ። ከማውቃቸው አራጣ ውስጥ ከገቡ ቤቶች አንዳንዶቹን ያስገባቸው ድግስ ሳይሆን ድንገተኛ ሕመም ነው።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ለእናንተም አንድ ነገር ላንሳ። የብድር መክፈያ ቀን ለሁሉም በአንድ ሳምንት ሲደረግ ጤፉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ተበዳሪው ገሚሱን በጥር፣ ገሚሱን በሚያዝያ እንዲከፍል ቢደረግ ለአበዳሪውም ለአርሶ አደሩም የሚበጅ ይመስለኛል። ጥናቱን የብድርና የግብርና ባለሙያዎች በጋራ ቢሠሩት ጥሩ ነው።

ለመሠረታዊ ማኅበራት ሊቀመናብርት ደግሞ የምጠይቀው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ የማኅበሩ ሱቅ ዘይት፣ ጨውና ስኳር ሳያቋርጥ እንዲይዝ በአጀንዳ ያዙልኝ። አባላትም ሚስቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጎተራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔም ከተጠራሁ ባዶ ጣሳ ይዤ እመጣለሁ፤ ሽምብራው ከእናንተ ነው።