የከፋው አሠልጣኝ ማን ነበር? ስለ ዋልያዎቹ፣ ስለ ፍርድና ስለ መዝገብ



የዛሬው ርእሴ የተገኘው እዚሁ ሻሸመኔ፣ ከግቢያችን አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ነው። በቅርቡ ሦስት ተማሪዎች «ከብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን አሠልጣኞች ሁሉ የከፋው ማን ነበር?» እያሉ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አንዱ ሰውነት ቢሻውን፣ ሁለተኛው ፖርቱጋላዊውን ማሪያኖ ባሬቶን፣ ሦስተኛው ውበቱ አባተን ጠሩ። በመጨረሻም «መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም ሻዬን ጨርሼ ሳልፈርድ ወጣሁ። የዛሬው ንግግሬ ያን ዕዳ ለመክፈል ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከፍርድ በፊት መዝገብ ይቀድማል። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ለዚህ ውድድር የደረሰችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በ1982 ሊቢያ ላይ አሠልጣኙ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ፤ በ1962ቱ ፍጻሜ አራተኛዋን ግብ ያስቆጠሩት እኚሁ ሰው ናቸው። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ሰውነት ቢሻው፣ በ2022 ካሜሩን ላይ ደግሞ ውበቱ አባተ መሩ። ውጤቱን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። በ1982 ሦስት ጨዋታ፣ 1 ነጥብ፣ ግብ የለም። በ2013 ሦስት ጨዋታ፣ 1 ነጥብ፣ 1 ግብ። በ2022 ሦስት ጨዋታ፣ 1 ነጥብ፣ 2 ግብ። ሦስቱም ጊዜ ከምድቡ መጨረሻ ወጣን።

በአርባ ዓመት ውስጥ የተለያየ ዘመን፣ የተለያየ ትውልድና የተለያዩ ሦስት አሠልጣኞች አንድ ዓይነት ነጥብ ይዘው ተመለሱ። ምክንያቱ ሰውየው ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ሲለወጥ ውጤቱም በተለወጠ ነበር። ሳይለወጥ የቀረውን ነገር ፍለጋ ከአሠልጣኙ ወንበር ራቅ ብለን መሄድ አለብን።

ተጋጣሚዎቹንም እንመልከት። በ2013 ከዛምቢያ፣ ከቡርኪና ፋሶና ከናይጄሪያ ጋር ተደለደልን። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች፤ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ደግሞ በዚያው ውድድር ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። «መጨረሻ ወጣ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይደብቃል። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 82 ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ ደጋፊዎቹ ስለ ከፋ አሠልጣኝ ሲከራከሩ በእጃቸው ሰፊ መረጃ አለ። እኛ በሦስት ጨዋታ የሰውን የዕድሜ ልክ ሥራ እንፈርዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ከ1982 እስከ 2013 ባሉት 31 ዓመታት ብዙ አሠልጣኞች፣ የአገር ልጅም የውጭ ዜጋም፣ ያን ወንበር ይዘው ነበር። አንዳቸውም ለአፍሪካ ዋንጫ አላደረሱንም። በሻይ ቤቱ ክርክር ግን የአንዳቸውም ስም አልተነሣም። ሲነቀፉ የሰማኋቸው ሰውነት በሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፍ ያን የ31 ዓመት በር የከፈቱት ሰው ናቸው። «የከፋ» የምንለው በቴሌቪዥን ሲሸነፍ ያየነውን፣ ማለትም እስከሚታይበት ቦታ ድረስ ያደረሰንን ነው። በማጣሪያ የቀሩት ከዓይናችን ስለራቁ ከፍርዳችን አመለጡ። ባሬቶም ቢሆኑ በ2015ቱ ማጣሪያ በ6 ጨዋታ ያገኙት 4 ነጥብ ሲነሣ፣ ማሊን በሜዳዋ 3 ለ 2 ማሸነፋቸው አይነሣም።

ይህን ስል አሠልጣኝ አይነቀፍ ማለቴ አይደለም። በ2013 ከዛምቢያ ጋር ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ቀርተን፣ ከዚህ ቅርብ ከሐዋሳ የወጣው አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 1 ተለያየን። በቀጣዩ ጨዋታ የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ሲወጣ 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። ከዚያ በኋላ በ10 ተጫዋቾች ሦስት ተጨማሪ ግብ አገቡብን። «በቁጥር ስንበልጥ ለምን ተከላካያችን ተከፈተ?» የሚል ጠያቂ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል፤ ጥያቄው አንድን ውሳኔ ይመረምራል፣ መልስም ይኖረዋል። «ሰውየው ከንቱ ነው» የሚለው ግን ምንም አይመረምርም።

ከሜዳ ውጭ የሆነውንም አንርሳ። ሰኔ 2013 ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ መጨረሻው ዙር ያለፍን መስሎን በደስታ ጮኽን። ሆኖም ቀደም ብሎ ቦትስዋናን ስናሸንፍ፣ በቢጫ ካርድ ምክንያት መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰን። ካርድ መቁጠር ታክቲክ አይደለም፤ የመዝገብ ሥራ ነው። አሰላለፉን የሚያጸድቀው አሠልጣኝ ከድርሻው ነፃ ባይሆንም፣ ጥፋቱ ከእሱ በፊት በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ አልፏል። ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ በወረቀት የጠፋውን በሜዳ መለሰ። ከዚያም በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸነፍን። በ2008 ደግሞ ፌዴሬሽኑ በአመራር ውዝግብ ምክንያት በፊፋ ታግዶ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጣን፤ ያን ጊዜ ያሸነፈን ተጋጣሚ አልነበረም። በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» የነበረው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ በአገራችን መስፈርቱን ያሟላ ስታዲየም አልነበረምና። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ፍርድ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከእናንተ አንዱ ርእሰ መምህር፣ ሌላው የጤና ጣቢያ ኃላፊ ይሆናል። ከእናንተ በፊት የነበረውን ሰው ትነቅፋላችሁ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም እናንተን ይነቅፋል። ወንበሩ ሰው ሲቀያይር መዝገቡ ያው ከሆነ፣ ሰውየውን ከማባረር በፊት መዝገቡን አንብቡ። ምን ተሰጠው? ምን ወሰነ? ከሱ በፊትና በኋላስ ምን ሆነ?

ለሦስቱ ተማሪዎቼ ያለብኝ ፍርድ ይኸው ነው፦ ከጠራችኋቸው ስሞች አንዱንም የከፋ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላቀረባችሁም። የከፋ ውሳኔ ግን ልጠራላችሁ እችላለሁ፤ ካርዱን ሳይቆጥሩ ስም መጻፍ። ክርክሩን ከዚያ ብትጀምሩት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሻዬን ሳልጨርስ አልነሣም።