የጋራው ደረጃ ዕዳ በማን ላይ ነው?



በአዲስ አበባ ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ የደረጃው የብረት መደገፊያ ላላ እንበል። ነዋሪው ሁሉ እያየ ያልፋል። የምድር ቤቱ ባለሱቅ «እኔ ደረጃ አልወጣም» ይላል፤ የአራተኛው ፎቅ ተከራይ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፤ ባለቤቱም የሚኖረው በሌላ ሠፈር ነው። አንድ ቀን ሕፃን ከነመደገፊያው ቢወድቅ ኀላፊው ማን ነው?

የመጠገኑን ግዴታ በሚመለከት ሕጉ ነገሩን አላድበሰበሰውም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ክፍሎችን የማስተዳደሩንና የመጠገኑን ሥራ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል፤ ማኅበሩም የሕግ ሰውነት ስላለው ይከሳል፣ ይከሰሳል። ወጪውን ግን የሚሸፍኑት ባለቤቶቹ እንደየድርሻቸው ናቸው። ስለሆነም የባለሱቁ መልስ አያዋጣም፤ መዋጮው የሚመነጨው ከባለቤትነቱ እንጂ ደረጃውን ከመርገጡ አይደለምና። ተከራዩም በውል ካልገባበት በቀር የባለቤቱን ዕዳ አይሸከምም፤ ባለቤቱም ሩቅ በመኖሩ ከዕዳው አይድንም።

ይሁን እንጂ ብዙ ባለቤቶች «ተጠያቂው ማኅበሩ ነው» ብለው ተዝናንተው ያድራሉ። ማሳሰቢያዬም በዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኀላፊ ነው ይላል። ተጎጂው የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። የደረጃው ባለቤቶች ደግሞ የየቤቱ ባለቤቶች በኅብረት ናቸው እንጂ አስተዳዳሪው ማኅበር አይደለም። በእኔ አስተያየት፣ የማኅበሩ ካዝና ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ተጎጂው ፊቱን ወደ ባለቤቶቹ ከማዞር የሚከለክለው የለም። ለብየዳ ጥቂት ብር የነፈገ ሰው ለሰው ሕይወት ካሣ ይጠየቃል ማለት ነው።

እንግዲህ የእኛ የሕግ ባለሙያዎች ድርሻ ክስ ከተከፈተ በኋላ ብቻ የሚጀምር መሆን የለበትም። የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስናረቅቅ፣ ለጥገና የሚውል መጠባበቂያ ገንዘብ በየወሩ እንዲቀመጥ፣ ጣሪያውና የፍሳሽ ቧንቧው ክረምት ሳይገባ እንዲመረመር፣ ብልሽት ያየ ነዋሪ ለማን በጽሑፍ እንደሚያመለክትና መልሱም በስንት ቀን እንደሚሰጥ በግልጽ እናስፍር። መዋጮውን የማይከፍለውን ባለቤት ማኅበሩ በፍርድ ቤት እንዲጠይቀው ለመምከርም አንፈር፤ ጉርብትናን የሚያፈርሰው ክሱ ሳይሆን የአንዱን ድርሻ ሌሎቹ ሲሸከሙ መኖራቸው ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። የላላው ብረት ዛሬ የሚፈልገው አንድ በያጅ ነው፤ ነገ ግን ጠበቃ፣ ዳኛና ሐኪም ተሰብስበው የማይጠግኑት ይሆናል።