ጥሩምባ ሲነፋ የሚነሡት ሰዎች

(የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው በተገኙበት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሚያዝያ 27 ቀን ጠዋት አራት ኪሎ፣ የድል ሐውልት ዙሪያ ቆሞ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ባለሥልጣን ንግግር ሲያሰማ ከሽማግሌዎቹ ከፊሉ ያንቀላፋል፣ ከፊሉ ጥላ ይፈልጋል። ማርሽ ባንዱ ሲጀምር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከዘራ ይዞ የመጣው ከዘራውን በብብቱ ይሸጉጣል። የጎበጠው ቀና ይላል። ማንም ሳያዛቸው እግራቸው ግራ ቀኝ ማለት ይጀምራል። እኔ በሥራዬ ብዙ ሰልፍ አይቻለሁ፤ አበል የተከፈለበትም፣ በቀበሌ ትእዛዝ የተወጣበትም። እንዲህ ከልብ የሆነ ሰልፍ ግን ሌላ ቦታ አላየሁም።

አባቶቻችን ጦር የሚከቱት በነጋሪት፣ የሚዘምቱት በእምቢልታና በመለከት ነበር። የነሐሱ ሙዚቃ ኋላ የመጣ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚያ ናቸው። በ1923ቱ የዘውድ በዓል የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የአስተማሪያቸው የኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛው፣ ምድር ጦሩ፣ ፖሊሱ የየራሱን ባንድ አቆመ። ጥላሁን ገሠሠ ስሙ የገነነው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ መሆኑን የማያውቅ የለም። «የወታደር ሙዚቃ» እያሉ አፍንጫቸውን የሚነፉ ሰዎች የሚወዱት ዘፈን ከየት እንደ መጣ ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።

ማርሹ ይህን ያህል የሚያነሣሣው ለምንድን ነው? እንደኔ እንደኔ ምክንያቱ ቃል ስለሌለው ነው። ፉከራና ቀረርቶ ጀግናውን በስሙ ይጠራዋል፤ ገዳይ፣ የእገሌ ልጅ ይለዋል። ማርሽ ግን ማንንም አይጠራም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሙት ያስገባበታል። አንዱ የቃኘውን ጓዱን፣ አንዱ ካራማራ ላይ የቀረውን፣ አንዱ ናቅፋ ተራራ ሥር የተወውን።

በሰፈራችን በቀድሞው ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ይነፉ የነበሩ አንድ አባት አሉ። አሁን የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ መንፋት አይችሉም። ሬዲዮ ላይ ማርሽ ሲሰሙ በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ። «ጋሼ፣ ምን ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን። «የመኝታ ጥሩምባ» አሉኝ። «ማታ ስነፋው ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ጠዋት የማንቂያውን ስነፋ ግን ሁሉም አይነሣም።» ከዚያ ሌላ ወሬ ጀመሩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እሳቸውም እንደማንኛውም «የደርግ ወታደር» ተብለው፣ ጥሩምባውን አስረክበው ወጡ። ጥሩምባ ማንን እንደ ገደለ እስካሁን የነገረኝ የለም።

የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እኛ አገር መንግሥት ሲለወጥ መዝሙሩም ሠራዊቱም አብሮ ይለወጣል። የንጉሡ ዘመን ወታደር የቆመበትን መዝሙር የደርጉ ወታደር አይቆምበትም፤ የደርጉን ደግሞ የዛሬው አያውቀውም። የቃኘውን ሰዎች ውሰዱ። ከ1943 ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከመቶ ሃያ በላይ ወድቀዋል፤ አንድም ሰው አላስማረኩም። ለእነሱ ቹንቾን ከተማ ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። እዚህ ግን ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ሜዳሊያቸውን ሣጥን ውስጥ የሚደብቁበት ጊዜ መጣ። ደርግም በተራው ሲወድቅ በኦጋዴን የሶማሊያን ወረራ የመለሰው ወታደር ጭምር መንገድ ላይ ተጣለ። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ቤተክርስቲያን ደጃፍ እጁን ሲዘረጋ አዲስ አበባ አይታዋለች።

አገዛዙ አጥፍቶ ከሆነ አገዛዙ ይጠየቅ፤ እኔም ደርግን ላወድስ አልመጣሁም። ቤተሰቡ በቀይ ሽብር ያለቀበት ሰው ያ ማርሽ ሲሰማ ሌላ ነገር እንደሚታወሰው አውቃለሁ፤ መብቱም ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ታፍሶ ብሔራዊ ውትድርና የተላከ ልጅ የመንግሥቱን ዕዳ ለምን ይከፍላል? ከ2013 እስከ 2015 በተደረገው ጦርነት አካላቸውን ያጡ ወጣቶችስ፣ ነገ ሌላ መንግሥት ሲመጣ የማን ወታደር ሊባሉ ነው?

ባለሥልጣኖቻችን በበዓል ቀን ሽማግሌዎቹን ከፊት ያሰልፋሉ፤ ካሜራ ስለሚያምርበት ነው። ባንዱ መሣሪያውን ጠቅልሎ ሲሄድ እነዚያው ሽማግሌዎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ጡረታቸው የወር አስቤዛ አይሸፍንም። ጡረታ የሌላቸውም አሉ።

ከጡረታው ሌላ ዛሬውኑ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ አለ። በባንዶቹ ውስጥ ያገለገሉ ሰዎች እያለፉ ነው። የትኛው ማርሽ ለየትኛው ክፍል እንደሚነፋ፣ የምግቡ ጥሩምባ ከማንቂያው በምን እንደሚለይ በቃል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሰፈራችንን አባት ዜማውን በአፋቸው እያዜሙልኝ በቴፕ መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን አራት አድርሰናል። ከእናንተ መካከል የድሮ ካሴት፣ ፎቶግራፍ ወይም የኖታ ወረቀት ያለው ካለ፣ ወይም ባንድ ውስጥ ያገለገለ ዘመድ ያለው፣ ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ እጠብቃለሁ። ደብተር ይዣለሁ።