በሱርስት ፊደል የተጻፈ ዐረብኛ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ፊደሉና ቋንቋው ስለ ተለያዩበት መጽሐፍ ነው። ሊቃውንት ገርሹኒ ይሉታል፤ ቋንቋው ዐረብኛ ሲሆን ፊደሉ ሱርስት፣ ይኸውም የሶርያ ክርስቲያኖች የቅዳሴ ፊደል ነው።

ከ7ኛው መቶ ዓመት የዐረቦች ድል በኋላ በሶርያና በሊባኖስ ዐረብኛ ቀስ በቀስ የቤትና የገበያ ቋንቋ ሲሆን፣ ሱርስት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ተወሰነ። ፊደሉ ግን ከንግግሩ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። አንዳንዶች ይህ አጻጻፍ ምስጢር ለመሰወር የተፈለሰፈ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ንባብን በመዝሙረ ዳዊት የጀመረ ልጅ አድጎ የሚናገረውን በዚያው ፊደል ቢጽፍ ምን ይደንቃል?

ሱርስት 22 ፊደላት ሲኖሩት ዐረብኛ 28 አሉት። ከጐደሉት ስድስቱ የአራቱ፣ ማለት የኻ፣ የገይን፣ የሣና የዛል ድምፆች፣ በሱርስት ነባር ፊደላት ላልቶ መነበብ ውስጥ ስለ ነበሩ ጸሓፊዎች በነጥብ ለዩአቸው፤ ለዷድና ለዟ ደግሞ በጻዴና በጤት ላይ ነጥብ ጨመሩ። አማርኛም በግእዙ ከ ላይ ምልክት ጨምሮ ኸን አበጅቷልና ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ ምልክት የፊደሉ አካል ሆኖ ሲጸና፣ የገርሹኒው ነጥብ ግን እንደ ጸሓፊው ልማድ የሚለዋወጥና አንዳንዴም የሚተው መሆኑ ነው። ሲተውም ፈረሶች ማለት የሆነው «ኸይል» እና ስፍር ማለት የሆነው «ከይል» በጽሕፈት አንድ ይሆናሉ። ዐረብኛ የማያውቅ የሱርስት ሊቅ ፊደሉን እየቈጠረ ትርጕሙን ያጣል ማለት ነው።

ጽሕፈቱ በብራናና በወረቀት ብቻ አልቀረም። በሊባኖስ ተራራ፣ በቀዲሻ ሸለቆ ባለው በቍዝሐያ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1610 የታተመው መዝሙረ ዳዊት ሱርስቱንና ዐረብኛውን ጐን ለጐን የያዘ ሲሆን ሁለቱም በሱርስት ፊደል ናቸው። በሊባኖስ ምድር የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍም ይኸው ነው።

ችግሩ ከእኛ መደርደሪያ ይጀምራል። በበርሚንግሃም የሚገኘው የሚንጋና ስብስብ ዝርዝር፣ በ1933 በወጣው አንደኛ ቅጹ ሱርስትንና ገርሹኒን አንድ ላይ አኖረ፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈው የክርስቲያኖች ዐረብኛ ግን በ1936 በሁለተኛው ቅጽ ወጣ። አንዱ ቋንቋ በፊደል ምክንያት በሁለት መጽሐፍ ተከፈለ። ሚንጋና የገርሹኒን ስም በርእሱ ላይ ስለ ጠቀሰ አንባቢው ይነቃል፤ «ሱርስት» ብቻ የሚል ካርድ ግን መጽሐፉን ከዐረብኛ ተመራማሪ ይሰውረዋል። በወሎ በዐረብ ፊደል የተጻፈው የአማርኛ መንዙማም «ዐረብኛ» ተብሎ ቢመዘገብ ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ስለዚህ በካርዳችን ላይ ቋንቋና ፊደል በሁለት የተለያዩ መስመሮች እንዲጻፉ አሳስባለሁ። መሣሪያው አይፈቅድም የሚለው ምክንያት ዛሬ አይሠራም፤ በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የእኛንና የሱርስትን ፊደል ባንድነት ሲያስገባ፣ ለገርሹኒ ጋማልና ጤት ሳይቀር የየራሳቸውን ስፍራ ሰጥቷቸዋል።